በሬም መኪናም

በእኛ አገር ሰው ሁለት ነገር ሲገዛ መካሪ ይበዛበታል፤ በሬና መኪና። በሬ ሲገዛ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ አካሄዱን ይመረምራል። መኪና ሲገዛ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌለው ዘመድ ሳይቀር ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ትራክተር በሬም መኪናም ነውና መካሪው እጥፍ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. በጋ የእናቴ ወንድም ያገለገለ ትራክተር ሊገዙ ተነሥተው ከሱሉልታ ሰበታ፣ ከሰበታ ቡራዩ አብሬያቸው ስዞር ያልመከረን ሰው አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ምክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆም ነበር፤ ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን?

ጥያቄው ለከተማ አንባቢ የማይረባ ሊመስል ይችላል። ትራክተር ከተባለ ናፍጣ ነው፤ በቃ። አጎቴ ፊት የቀረበው ምርጫ ግን እውነተኛ ምርጫ ነበር። ሰበታ ላይ ናፍጣ የሚጠጣ ማሴ ፈርጉሰን ተገኘ። ቡራዩ ላይ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ቤንዚን የሚጠጣ አሮጌ ፈርጉሰን ተገኘ። የቡራዩው ዋጋ የሰበታው ሲሶ ነው። ሲሶ ዋጋ የሰማ ገዢ ደግሞ ጆሮው ለሌላ ነገር አይከፈትም።

አጎቴ የሱሉልታ ሰው ናቸው። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግረው በጎጃም መንገድ ሲወርዱ የሚያገኙት ሜዳ ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል። መስከረም ሲጠባ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከብት አርቢዎች ይወርዳል። አጎቴ ጥቂት የወተት ላሞች አሏቸው፤ ጥቂት ጥማድ ጤፍና ስንዴ ያርሳሉ፤ ዋናው ገቢያቸው ግን ድርቆሹ ነው። መሬታቸው ድሮ ከነበረው ቀንሷል። ከፊሉ ለልማት ተብሎ ተወስዶ ካሳ ተከፍሏቸዋል። ያ የካሳ ገንዘብ ነው እንግዲህ ባንክ ተቀምጦ እንቅልፍ የነሣቸው። ገንዘብ ተቀመጠ ይባላል እንጂ በዚህ ዘመን የተቀመጠ ብር በቁሙ ይቀልጣል።

ባለቤታቸው፣ እኔ አክስቴ የምላቸው፣ አሳብ ነበራቸው። «ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርተን እናከራይ» ይላሉ። አጎቴ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ማጭድ ነው። ሣሩ ደርሶ የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ካለፈበት ገለባ ይሆናል፣ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። ቀድሞ በደቦ ይታጨድ ነበር። አሁን ጎረምሳው ሁሉ ወይ ግንባታ ላይ ነው ወይ ባጃጅ ላይ፤ የቀን ሠራተኛ ቢገኝም የሚጠይቀው ዋጋ ድርቆሹን ይበላዋል። ከትራክተር ኋላ የሚታሰር ማጨጃ በአንድ ቀን የሚያነሣውን ብዙ ሰው በሳምንት አያነሣውም። ስለዚህ ትራክተር። የካሳው ገንዘብ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የምትመጣ ገንዘብ ናት። ትራክተሩ ሁለት ክረምት ሠርቶ ቢቆም መሬቱም ሄዷል፣ ገንዘቡም ሄዷል፤ አንድ ቤተሰብ የቆመ ብረት አቅፎ ይቀራል።

ለዚህ ነው መካኒክ ይዘን የሄድነው። መካኒኩ ሙያውን በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻ የተማረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰበታ ደርሰን ከሻጩ ግቢ ስንገባ ሰላምታውን እንደጨረሰ የመጀመሪያ ሥራው መዳፉን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነበር። ሞተሩ ሞቋል። «ተነሥቶ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ሻጩ «እንግዳ ይመጣል ብዬ ትንሽ አሞቅኩት» አለ፣ ቡና ያፈላ ይመስል። መካኒኩ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገ ጧት ሳይነሣ እንመጣለን» ብሎ ወጣ። አጎቴ ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ መጥተው ሞተር ሳይሰሙ መመለሳቸው አልዋጠላቸውም ነበር፤ መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም።

በማግስቱ ከጧቱ 12 ሰዓት ደረስን። መካኒኩ ትክክል ነበር፤ የናፍጣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ብርድ ላይ ነውና። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ብልጭታው ነዳጁን ያቀጣጥልለታል። የናፍጣው ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ አሠርቶ ያሳየው ሞተር አየርን ጨምቆ ጨምቆ በማጋል ብቻ ነዳጁን ያነዳል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ ፖምፑ ግርጌው ላይ እጅ ያቃጥላል። እንግዲህ ፋሻው ያለቀ፣ ባልቦላው የማይገጥም የናፍጣ ሞተር አየሩን አፍኖ መያዝ አይችልም፤ ካልያዘ አይግልም፤ ካልጋለ በጧት ብርድ አይነሣም። ሻጭ ቀድሞ የሚያሞቀው ይህን ለመሸፈን ነው። ሁልጊዜ ነው አልልም፤ ግን መዳፍ ማሳረፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሰበታው ማሴ ፈርጉሰን 135 ይባላል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የተሠራ፣ ሦስት ሲሊንደር ያለው የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ቀይ ትራክተር ነው። ቀዩ ቀለም አልቆ ዝገቱ የሸክላ መልክ አውጥቷል። ሞተሪኖው ሦስት ጊዜ አቃሰተና በአራተኛው ተነሣ። ጭሱ ነጭ ሆኖ ወጣ። መካኒኩ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ነጭ ጭስ ያልነደደ ነዳጅ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ደህና ነው፣ ካልጠፋ ኢንጀክተሩ ወይም ጭመቃው ታሟል። ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ ያንን አላየንም። ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ጥቁር ጭስ ተፋ። አጎቴ ደነገጡ። መካኒኩ ግን «ይህ የሞተሩ አይደለም፣ የአገሩ ነው» አለ። ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። የሱሉልታው ሜዳ ከ2500 ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስስ ነው። ፋብሪካው 45 ፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት ሞተር እኛ ዘንድ ከ35 ብዙም አይበልጥም፤ ነዳጁ ያው፣ አየሩ ጎዶሎ፣ ትርፉ ጥቁር ጭስ ይሆናል።

ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፈተ። ጭስ እየገፋ ቢወጣ ፋሻው አልቋል ማለት ነበር። መለኪያ ዘንጉን መዝዞ ዘይቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው፤ እንደ ማኪያቶ ቢነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተበላሽቷል ማለት ነው። ከኋላ ባሉት ማንሻ ክንዶች ድንጋይ የሞላ በርሜል አስነሣና ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ እንጠጣ አለ። ሻዩ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስንመለስ በርሜሉ ከነበረበት ወርዷል ወይስ አልወረደም የሚለውን ሊያይ ኖሯል። ትንሽ ወርዷል። «ይህ ይጠገናል» አለ። የናፍጣው ፖምፓ ግን ከግርጌው ያልባል። እዚያ ላይ ብዙ ቆየ፤ ምንም አላለም። የማይናገር መካኒክ ፖምፓ ላይ ዝም ሲል ገዢ መስጋት አለበት።

ስለ ናፍጣ ሳነሣ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ቃሉን ከጣሊያኖች ነው የወሰድነው። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ወደ አገራችን የገቡት ትልልቅ የጭነት መኪኖች ፊያት 634 ኤን ይባሉ ነበር፤ «ኤን»ዋ «ናፍታ» ለሚለው ቃል የቆመች ናት። የእኛ ሾፌሮች ከቁጥሩ ጅራት «ትሬንታ ኳትሮ»ን ቆርጠው ለመኪናው ስም አደረጉት፤ ናፍታም ናፍጣ ሆነ። ዐረቦች ደግሞ ይህንኑ የሚነድ ዘይት «ነፍጥ» ይሉት ነበር፤ ቃሉ ወደ ባሩድ ዞረ፣ ከባሩድም ወደ ጠመንጃ፤ የእኛ ነፍጥ ከዚያ የመጣ ነው። ነፍጥና ናፍጣ እንግዲህ አንዱ በቀይ ባሕር፣ ሌላው በሮም በኩል ዞረው እኛ ቤት የተገናኙ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ይህን ለመካኒኩ ብነግረው «ሁለቱም ካልተጠነቀቁላቸው ይገድላሉ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቡራዩ ሌላ ዓለም ነበር። በአምቦ መንገድ ወደ ገፈርሳ ስንወጣ ደላላው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ትራክተሩ ሸራ ለብሶ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ሸራው ሲገፈፍ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሄደ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ ክብ ጉንጭ ያለው ነገር ነው። ፈርጉሰን ቲኢ 20 ይባላል፤ ኮቨንትሪ በተባለው የእንግሊዝ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የፈጠረው ሃሪ ፈርጉሰን የአየርላንድ ገበሬ ልጅ ነው። ዛሬ የትኛውም ትራክተር ኋላ ላይ የምናያቸው ማረሻውን የሚያነሡ ሦስት ክንዶች የእርሱ ሥራ ናቸው። ኤቨረስትን የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ እ.ኤ.አ. በጥር 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚህ ትራክተሮች በረዶውን እያቋረጠ ነው። ደላላው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ዋጋውን ይጨምር ነበር።

ሞተሩ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣ። ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ነው። አጎቴ ፈገግ አሉ። ደላላው ጊዜ አላጠፋም። «ጋሼ፣ ናፍጣ ማለት ፖምፓ ነው፤ ፖምፓ ሲበላሽ አዲስ አበባ ነው የሚሄዱት። ይህ ካንዴላ ነው፤ ካንዴላ የልጅ ልጅዎ ይቀይራል። ሱሉልታ ውርጭ ነው፤ ናፍጣ ጧት ያስቸግርዎታል፣ ይህ አያስቸግርዎትም። ደግሞ ናፍጣ ስንት ገባ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ መርዝ ነበረች፤ ምክንያቱም እውነት ነበረች። ዕድሜ ልካችንን ናፍጣ ከቤንዚን ርካሽ ነው ብለን ስንኖር፣ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሆነ። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ቤንዚን 61 ብር ከ29፣ ናፍጣ 67 ብር ከ30 ገባ። እኛ ቡራዩ የቆምነው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ደላላው የዘመኑን ዋጋ በእጁ ይዞ ነበር የሚከራከረው። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ካንዴላውም፣ ውርጩም፣ ዋጋውም። ሰውን ከውሸት ይልቅ የሚያሳስተው እንዲህ ያለ እውነት ነው መሰለኝ።

አጎቴ እንኳን ያን ጊዜ ቀብድ ሊያወጡ እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ነበር። መካኒኩ «እስቲ ሻይ እንጠጣ» አለ። የሻዩን ምስጢር ስላወቅን ዝም ብለን ተከተልነው።

ሻይ ቤት ገብተን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳብ ጻፈ። እኩል ሥራ ለመሥራት የቤንዚኑ ሞተር ከናፍጣው ግማሽ ያህል ጨምሮ ይጠጣል፤ ናፍጣው በሰዓት አራት ሊትር ቢል ቤንዚኑ ስድስት ይላል። አራት ሊትር ናፍጣ 269 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ስድስት ሊትር ቤንዚን 367 ብር ከ74 ሳንቲም ነው። በሊትር የረከሰው በሰዓት ወደ መቶ ብር ተወደደ ማለት ነው። ምክንያቱ ያው ጭመቃው ነው። ናፍጣ በሊትር ውስጥ የያዘው ኃይል ራሱ ከቤንዚን ትንሽ ይበልጣል፤ አየሩን አብዝቶ የሚጨምቅ ሞተር ደግሞ ከያዘው ኃይል የበለጠውን ወደ ሥራ ይለውጠዋል። ቤንዚንን እንዲያ ቢጨምቁት ካንዴላው ሳያዘው በራሱ ይፈነዳል። ሌላም አለ። የናፍጣ ሞተር ዝግ ብሎ ሲዞር ጉልበት አለው፤ ጭነት ሲከብደው እንደ በሬ ዝቅ ብሎ ይገፋል። ቤንዚኑ ካልሮጠ ጉልበት የለውም።

ይህ ሒሳብ የሱሉልታ መካኒክ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኔብራስካ በተባለው ግዛት ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል ገበሬ «ፎርድ» የሚል ስም ያለው ትራክተር ገዝቶ ነበር። ኩባንያው የሚኒያፖሊስ እንጂ የታዋቂው የሄንሪ ፎርድ አልነበረም፤ ስሙን ብቻ ነው የተጠጋው። ትራክተሩ አልሠራም፤ በምትኩ የመጣለትም አልሠራም። ገበሬው ለምክር ቤት ተመረጠና እ.ኤ.አ. በ1919 ሕግ አወጣ፤ በግዛቱ የሚሸጥ የትራክተር ዓይነት ሁሉ በቅድሚያ ዩኒቨርሲቲው መርምሮት የተባለለትን ያህል መሥራቱ ይረጋገጥ የሚል። ምርመራው በተከታዩ ዓመት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በተከማቸው መዝገብ ናፍጣ በጋሎን የሚሠራው ሥራ ከቤንዚን እንደሚበልጥ ተደጋግሞ ታይቷል። እዚያ አገር ቤንዚን ርካሽ ስለነበር ገበሬው ለብዙ ዓመት የቤንዚን ትራክተር አልተወም። እኛ ዘንድ የቤንዚን ትራክተር ብርቅ የሆነው ነዳጅ በውድ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ተራራ ወጥቶ ስለሚመጣ፣ በሰዓት ሁለት ሊትር ማባከን ስለማያዋጣ ነው።

መካኒኩ ግን በዚህ አላበቃም። ከሒሳቡ ይልቅ አጎቴን ያናወጣቸው ቀጥሎ የተናገረው ነው። ትራክተር የዓመቱን እኩሌታ ይቆማል። ቤንዚን ቆሞ ይበላሻል፤ ለዛው ይተናል፣ ሙጫው ካርቡራቶሩን ይደፍናል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል እዚያው ሱሉልታ ባለ የነዳጅ ዴፖ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል እንደነበር አጎቴ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ ለቆመ ታንከር ጠላት ነው። ከዚያ ደግሞ ሌባው። በዙሪያቸው ያለው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ሁሉ የሚጠጣው ቤንዚን ነው፤ ቤንዚን በጠፋ ቀን በውኃ ፕላስቲክ መንገድ ዳር ይሸጣል። «ጋሼ፣ ቤንዚን ሞልተው ያደሩበትን ትራክተር ጧት ባዶውን ነው የሚያገኙት» አላቸው። በጀሪካን መቅዳትም በየጊዜው ይከለከላል። አጎቴ ቆየት ብለው ወደ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደው ቢጠይቁ፣ ለትራክተር ናፍጣ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። ቤንዚን ቢሆንስ ሲሏቸው ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸውና «ትራክተር ነው ያሉኝ ወይስ ባጃጅ?» አለ።

ነገሩ ከሞተር ጠባይ የሰፋ ነው። አንድ ማሽን ብቻውን አይኖርም፤ ዙሪያውን የሚያውቁት ሰዎች፣ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ጸሐፊ ሁሉ የእርሱ አካል ናቸው። የፐርኪንስ ፋሻ ሶማሌ ተራ ጠይቀው ያገኛሉ። የግራጫው ፈርጉሰን ካርቡራቶር ቢሰበር ከወዴት ይመጣል? ናፍጣም ክፉ በሽታ አለው፤ ላምባ የቀላቀሉበት ናፍጣ ፖምፓውን ይበላዋል፣ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ራሱ ነዳጁ ነውና። ፖምፓ ማስጠገን ደግሞ ጊደር ያሸጣል። ቢሆንም በሽታው አገር የሚያውቀው በሽታ ነው፤ ሐኪምም አለው።

ሦስት ቀን ያህል አጎቴ አልወሰኑም። በዚያ መካከል ሱሉልታ ሄጄ አደርኩ። ማታ እሳት ዳር አክስቴ ድንገት «ለመሆኑ ምኑን ልታርሱበት ነው?» አሉ። ዝምታ ሆነ።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ትራክተር በዚህ አገር የቆየ ስም አለው። የስዊድን መንግሥት በረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አካባቢ፣ አርሲ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባለርስቱ ከቀረጥ ነጻ ትራክተር አስገብቶ ማረስ ሲጀምር የወጣው ጭሰኛ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም፣ በቅጥርም ማሳረስ ቀረ። ትራክተሩም ወደ መንግሥት እርሻ ሄደ። አጎቴ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ መሬት አገኙ፣ ትራክተር ግን የሕልም ነገር ነበር። አሁን ትራክተር መግዛት የሚችሉ ሆኑ፤ መሬቱ ደግሞ እያጠረ ነው። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ገጥሞት፣ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በጥር 2008 ተሰረዘ። በዚሁ እኛ ትራክተር ፍለጋ በዞርንበት በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ አጎቴ በሬ እንደጠመዱ ከተሜ ሆኑ።

አጎቴ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና መለሱ። «ያለኝን ለማረስማ ቢሆን ያ ቤንዚኑ ይበቃኝ ነበር። ለማረስ ብቻ እኮ አይደለም» አሉ። ቀጠሉ፦ «መሬት ያለቀ ቀን በሬ ምን ይሆናል? ይታረዳል። ይህኛው ግን ተሳቢ አስሬበት አሸዋ ይጭናል፣ ውኃ ያመላልሳል። ለሚሠራው ሁሉ ያደርሳል።»

አክስቴ ሌላ ነገር አላሉም። እኔም እስከዚያች ማታ ድረስ የሞተር ክርክር የሰማሁ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ግን በልባቸው የሚያሰሉት ሌላ ኖሯል፤ ገበሬ ሆነው ስንት ዓመት እንደቀራቸው። ጥቂት ጥማድ በዓመት ሁለት ሳምንት ለማረስ፣ ድርቆሹንም ለማጨድ፣ ሲሶ ዋጋ የተገዛ የቤንዚን ትራክተር አያከስርም፤ ሥራው ጥቂት ሲሆን ነዳጁ ቢባክንም የግዢው ርካሽነት ይሸፍነዋል። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀኑን ሙሉ፣ የእንጦጦን አቀበት ሽቅብ ጭነት ለሚጎትት ግን በሰዓት ወደ መቶ ብር የምትባክነው ሁሉን ትወስናለች። ናፍጣ የመረጡት እንግዲህ ለማሳው ሳይሆን ከማሳው በኋላ ለሚመጣው ነው።

የሰበታው ተገዛ። ሻጩ በፖምፓው ምክንያት ዋጋ ቀነሰ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን መካኒኩ ዝገቱን በቢላዋ ፍቆ አረጋገጠ። አንድ አኃዝ ብትሳሳት ስም ማዛወር የዓመት ሥራ ነው። ፖምፓው ወርዶ አዲስ አበባ ተልኮ ተስተካከለ፤ ዋጋው ደላላው ያለውን ያህል ነበር፣ እንዲያውም ጨመር ይላል። በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ ቀጥሎም በየክልሉ ነዳጅ በስልክ ክፍያ ብቻ ይሸጥ ሲባል አጎቴ የሚያውቁት ስልክ ማንሣትና መዝጋት ብቻ ስለነበር የክፍያው ኃላፊነት ለልጅ ልጃቸው ተሰጠ። ልጅቱ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ማደያው ላይ ሰልፍ ይዛ፣ ደብዳቤውንም ስልኩንም ይዛ፣ ለሾፌሮቹ ሁሉ መልስ የምትሰጠው እርሷ ናት።

የነዳጁ ዋጋ እንደገና ተገለበጠ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ። ሁለቱም ተሰቀሉ እንጂ አልረከሱም፤ ግን የደላላው ክርክር እድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ግራጫው ፈርጉሰን መጨረሻ ላይ ለማን እንደተሸጠ ጠየቅኩ። በመናፈሻ በር ላይ ለጌጥ የሚያቆመው ሰው ገዛው አሉኝ። ያ ቆንጆ ነገር ለዚያ ይገባዋል።

የአጎቴ ትራክተር ባለፈው ጥቅምት ድርቆሹን አጭዶ፣ የሦስት ጎረቤት ጨምሮ፣ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ከኅዳር ጀምሮ ግን ተሳቢው አልተፈታም። ከመንደሩ በላይ ቤት የሚሠራ በዝቷል፤ በቢያጆ እየቆጠሩ አሸዋና ድንጋይ ያደርሱላቸዋል። አብሮ የተገዛው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ አክስቴ የታጠበ ጆንያ ያሰጡበታል። ሰሞኑን አጎቴ ደውለው የኋላ ጎማ ዋጋ አዲስ አበባ ጠይቅልኝ አሉኝ። የፊተኛውስ ብላቸው፣ «የፊተኛው ደህና ነው፤ የሚያልቀው የሚጎትተው ነው» አሉ።